የክሩዝ መርከብ እራት፦ «ክፍቱን ሰዓት ብቻ ምረጡ» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ለመጀመሪያ ጊዜ በክሩዝ መርከብ ለሚጓዙ ሰዎች የተጻፈ አንድ የአማርኛ ምክር ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ነበር። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ በየምሽቱ በተወሰነ ሰዓት፣ በተመደበ ጠረጴዛ እራት መብላት (ቋሚ ሰዓት) ጊዜው ያለፈበት አሠራር ነው፤ ክፍቱን ሰዓት፣ ማለትም በፈለጉት ጊዜ ሄዶ መብላትን፣ የመረጠ ሰው ወረፋ አይጠብቅም፤ ከወደብ ቢዘገይ እራት አያመልጠውም፤ ከማያውቀው ሰው ጋር አይቀመጥም፤ ልጆች ላሉትም የሚሻለው ክፍቱ ነው፤ መስተንግዶው በሁለቱም አንድ ነው፤ ባይስማማው እንኳ መርከቡ ላይ ሆኖ ይቀይራል።

ምክሩ ለባልና ሚስት ሊሠራ ይችላል። አያት፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ተሰባስበው፣ ከዋሽንግተን አካባቢ ባልቲሞር ወርደው ወይም ከሂዩስተን ጋልቬስተን ሄደው ለሚሳፈሩ ዘጠኝና አሥር ሰዎች ግን ምሽታቸውን በር ላይ የሚያስፈጅ ምክር ነው። ክፍት ሰዓት ቀጠሮን አያስቀርም። ቀጠሮ የመያዙን ሥራ ከመርከቡ ላይ አንስቶ ተጓዡ ላይ ይጥለዋል። ይህን ሥራ ያለችግር የሚወጣው ማን እንደሆነ፣ የሚቸገርበትም ማን እንደሆነ ጸሐፊው ባነሷቸው ነጥቦች ቅደም ተከተል እንመልከት።

ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የመርከቡ መተግበሪያና የክፍል ካርዱ የሚያሳዩት እንዲያ ነውና። 6:00 ሲባል ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ 8:15 ሲባል ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ማለት ነው። ከአገር ቤት የመጡ ወላጆች አብረው ካሉ ይህን ገና በመጀመሪያው ቀን ማስረዳት ያስፈልጋል።

«ያለፈበት ነው» ስለሚለው

የቋሚ ሰዓት መነሻው የወንበር ቁጥር ነው። ሦስት ሺህ ሰው የሚጭን መርከብ በዋናው የመመገቢያ አዳራሽ ሦስት ሺህ ወንበር የለውም። ስለዚህ እራት በሁለት ዙር ይቀርባል። የመጀመሪያው ዙር እንደ መስመሩ (እንደ መርከብ ኩባንያው) ከ5:00 እስከ 6:00 ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ከ7:45 እስከ 8:30 ባለው ጊዜ። ኖርዌጂያን የተባለው መስመር እ.ኤ.አ. በ2000 «ፍሪስታይል» በሚል ስም ይህን አሠራር ሲተው ሌሎቹም ቀስ በቀስ ክፍት ሰዓት ጨመሩ። ጨመሩ እንጂ ቋሚውን አልጣሉም። የሮያል ካሪቢያን «ማይ ታይም» እና የካርኒቫል «ዩር ታይም» ከቋሚዎቹ ዙሮች ጎን ለጎን የሚቀርቡ ምርጫዎች ናቸው። ኩናርድ በኩዊን ሜሪ 2 የብሪታኒያ አዳራሽ በሁለት ዙር ያስተናግዳል። ዲዝኒ ላይ እንግዳው በየምሽቱ አዳራሽ ይቀያይራል፤ ሰዓቱ ግን አይቀየርም፣ አስተናጋጆቹም እንግዶቻቸውን ተከትለው ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ይዞራሉ። በተቃራኒው ኖርዌጂያንና ቨርጂን ቮያጅስ ላይ ቋሚ ዙር የሚባል ነገር ስለሌለ ክርክሩም የለም። እንግዲህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው የተቆረጠው ትኬት የየትኛው መስመር ነው የሚለው ነው።

«ወረፋ የለም» ስለሚለው

የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነው። ክፍት ሰዓት ሲባል አዳራሹ ከ5:30 እስከ 9:30 ገደማ እንግዳ ይቀበላል ማለት ነው። በማንኛውም ደቂቃ ባዶ ጠረጴዛ አለ ማለት አይደለም። ሰው ምርጫው ሲሰጠው የሚመርጠው ሰዓት ደግሞ ተመሳሳይ ነው፤ ከ6:30 እስከ 7:30 ባለው ጊዜ አብዛኛው ይጎርፋል። የቴአትሩ ሁለተኛ ትርኢት 9:00 ላይ ከሆነ ያንን ለማየት ያሰበው ሁሉ በዚያው ሰዓት ይመጣል። ወደብ በተዋለበት ቀን ደግሞ ሁሉም ታጥቦና ልብስ ቀይሮ ከክፍሉ የሚወጣው በአንድ ጊዜ ስለሆነ ግፊቱ ይብሳል።

ሂሳቡን እናስላው። መክፈቻ፣ ዋና ምግብና ማጣጣሚያ ያለው እራት ለሁለት ሰው 75 ደቂቃ ያህል፣ ለስምንት ወይም ለአሥር ሰው 90 ደቂቃና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ጠረጴዛውን ለማንሳት፣ ጨርቁን ለመቀየር፣ ብርጭቆና ሹካ ለመደርደር 15 ደቂቃ ጨምሩበት። አንድ የአሥር ሰው ጠረጴዛ በ105 ደቂቃ አንዴ የሚለቀቅ ከሆነ፣ በአራት ሰዓት ወይም በ240 ደቂቃ ውስጥ የሚያስተናግደው ሁለት ቤተሰብ ብቻ ነው። በ6:00 የተያዘው ጠረጴዛ እስከ 7:45 አይገኝም። 7:00 ላይ የደረሰ ቤተሰብ 45 ደቂቃ ይቆማል፤ ካልሆነ ለሁለት ተከፍሎ፣ ምናልባትም በተለያየ የአዳራሹ ጥግ ይቀመጣል። የሁለትና የአራት ሰው ጠረጴዛ ግን በቁጥር ብዙ ነው፣ ቶሎም ይለቀቃል፤ በየጥቂት ደቂቃው አንዱ ባዶ ይሆናል። ባልና ሚስት «ምንም አልጠበቅንም» ቢሉ እውነታቸውን ነው። የእነሱን ምስክርነት ለትልቅ ቤተሰብ ምክር አድርጎ ማቅረብ ግን ልክ አይደለም።

የጥበቃው ሥርዓትም እንደ መስመሩ ይለያያል። ካርኒቫል ላይ ክፍቱን የመረጠ ሰው በመርከቡ መተግበሪያ ይመዘገባል፤ ጠረጴዛው ሲዘጋጅ መልእክት ይደርሰዋል። ሮያል ካሪቢያን ላይ የየምሽቱን ሰዓት አስቀድሞ ማስያዝ ይቻላል፤ ያላስያዘ ቦታ እስኪገኝ ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስልኩ ወደብ ላይ ከመርከቡ ዋይፋይ ተላቅቆ በዚያው ይቀራል። የኢንተርኔት ጥቅል ያልገዛ ሰው መተግበሪያውን በመርከቡ ዋይፋይ መጠቀም ይችላል፤ ስልኩን በበረራ ሁኔታ አድርጎ ዋይፋዩን ብቻ መክፈት ነው። ያንን ሳያደርግ ከቀረ ጥሪው ሳይደርሰው ተራው ያልፋል፤ ይባስ ብሎም የባሕር ላይ የሞባይል ኔትወርክ ከባድ ሂሳብ ያስከፍለዋል። ሁለተኛ፣ የተመዘገበው ቁጥርና የመጣው ሰው አይመጣጠንም። ለስድስት ተመዝግቦ በዘጠኝ መምጣት ማለት ተራን አጥቶ እንደገና መጀመር ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻ ይመዝገብ፣ ሙሉውን ቁጥር ይጻፍ፣ የሌሎቹም የክፍል ቁጥር በእጁ ይኑር።

በሆነ ምክንያት ክፍቱን የመረጠ ትልቅ ቤተሰብ መውጫ አለው። ወይ በሩ እንደተከፈተ በ5:30 መግባት፣ ወይ ከ8:15 በኋላ መሄድ፣ ወይ በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ምሽቶች አንድ ሰዓት ማስያዝ ነው። ሦስተኛውን ያደረገ ሰው በተግባር ቋሚ ሰዓት ይዟል። ልዩነቱ ጠረጴዛውና አስተናጋጁ በየምሽቱ ሊቀየሩበት መቻላቸው ነው።

«ከወደብ የዘገየ እራት ያመልጠዋል» ስለሚለው

ጸሐፊው እዚህ ላይ በከፊል ልክ ናቸው፤ ያነሱት ችግር ግን የመጀመሪያው ዙር ችግር ነው። የቋሚ ሰዓት ሁሉ ችግር አድርገው ማቅረባቸው ነው ስህተቱ።

ካሪቢያን ውስጥ መርከቦች በብዛት ወደብ የሚለቁት ከ4:00 እስከ 5:00 ባለው ጊዜ ነው፤ ተሳፋሪ ሁሉ ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀድሞ መሳፈር አለበት። አንዳንዱ መስመር ሙሉ ሰዓት ይጠይቃል። በ4:30 መርከብ ላይ ያለ ሰው ለ6:00 እራት ይደርሳል፤ ለ5:15 ዙር ግን አሸዋውን አራግፎ መሮጥ አለበት። ሜዲትራኒያን ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ሮምን ለማየት የሚወረደው ቺቪታቬኪያ ወደብ ላይ ሲሆን ከዚያ ሮም ድረስ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፣ ሲመለሱም እንደዚያው። ቀኑን ሙሉ ቫቲካንና ኮሎሲየም የዋለ ሰው ለመጀመሪያው ዙር አይደርስም፣ ቢደርስም ደክሞት ነው። ለ8:30 ዙር ግን ታጥቦ፣ ትንሽ አረፍ ብሎ ይደርሳል። አላስካ ላይ መርከቦች ጁኖ ውስጥ አንዳንዴ እስከ ምሽት 9:00 እና 10:00 ይቆማሉ፤ ያን ቀን ሁለቱም ዙር ሊያመልጥ ስለሚችል ቡፌ ወይም ከተማ ውስጥ መብላት ይሻላል። ቤርሙዳ ሮያል ኔቫል ዶክያርድ ላይ መርከቡ የሚያድር ከሆነ ደግሞ ምሽቱ የከተማ ስለሚሆን ክፍት ሰዓት በእርግጥ ይመረጣል።

ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት የጉዞውን መርሐ ግብር አውጥታችሁ ከየወደቡ የመነሻ ሰዓት ላይ አስምሩበት። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ6:00 በኋላ ከሆኑ የመጀመሪያውን ዙር ተዉት። አብዛኛው ቀን ባሕር ላይ የሚውል ከሆነ ወይም መርከቡ በ4:00 የሚነሳ ከሆነ የመጀመሪያው ዙር ይሠራል።

የሰዓት ልዩነትንም አትርሱ። መርከቡ የራሱን ሰዓት ይዞ ሊጓዝ ይችላል፤ ስልክ ግን ወደብ ላይ ሲደርስ ራሱን ወደ አገሩ ሰዓት ይቀይራል። ከጋልቬስተን ተነስቶ ሜክሲኮ ውስጥ ኮዙሜል የሚደርስ ሰው ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ኮዙሜልን በአንድ ሰዓት ቀድማ ያገኛታል፤ አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት በምትቀይርባቸው በቀሩት ወራት ግን ሁለቱ እኩል ናቸው። መርከቡ የራሱን ሰዓት ካልቀየረ በስልኩ የሚመራ ሰው ለእራት አንድ ሰዓት ቀድሞ በር ላይ ይቆማል። አቅጣጫው የተገላቢጦሽ በሆነበት ወደብ ደግሞ አንድ ሰዓት ይዘገያል፣ ይህ የባሰው ነው። የእጅ ሰዓት አድርጉ፣ በመርከቡ ሰዓትም ሙሉት።

ቋሚ ሰዓት ላይ አንድ ምሽት መቅረት ቅጣት የለውም። 15 ደቂቃ የዘገየ አብዛኛውን ጊዜ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ግን የጠረጴዛው ሰዎች ዋናውን ምግብ ሊጀምሩ ስለሚችሉ ወደ ቡፌ ይላካል። እንደማትመጡ ካወቃችሁ በዋዜማው ለአስተናጋጁ ንገሩት፤ የቀረውን ሰው እየጠበቀ የጠረጴዛውን ትእዛዝ አያዘገይም።

ከማያውቁት ሰው ጋር መቀመጥ

ይህ በቡድን ቁጥር እንጂ በሰዓት ዓይነት የሚወሰን አይደለም። ስምንት ሆኖ ለሄደ ጠረጴዛው የራሱ ነው። ሁለት ሆነው ቋሚ ሰዓት የያዙ ሰዎች የሁለት ሰው ጠረጴዛ አስቀድመው መጠየቅ ይችላሉ፤ ዋስትና ባይሰጥም ብዙ ጊዜ ይገኛል። በክፍት ሰዓትም በር ላይ «ከሌሎች ጋር ትቀመጣላችሁ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ እምቢ ያለ ረዘም ላለ ጊዜ ይጠብቃል።

ልጆች ላሏቸው

ጸሐፊው ልጅ ያለው ሰው ሲርበው መብላት አለበት ይላሉ። ልጅ ሲርበው የሚያስፈልገው በአሥር ደቂቃ የሚደርስ ምግብ ነው። ይህን የሚሰጠው ቡፌው እንጂ የዋናው አዳራሽ ክፍት ሰዓት አይደለም። በ6:45 ርቦት በር ላይ 30 ደቂቃ የሚቆም የአራት ዓመት ልጅ ከዚያ በኋላ 75 ደቂቃ ወንበር ላይ አይቆይም። የመጀመሪያውን ዙር የያዘ ቤተሰብ በ5:30 ይቀመጣል፤ ከሁለተኛው ምሽት ጀምሮ አስተናጋጁ የልጁን ፓስታና ፍራፍሬ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ያመጣል፣ በ7:00 ሁሉም ነፃ ነው።

ሁለተኛው ዙር ለልጅ ከባድ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ዲዝኒ ለዚህ መላ አበጅቷል። በሁለተኛው ዙር ከ3 ዓመት ጀምሮ ያሉ ትንንሽ ልጆች ምግባቸው ቀድሞ ይቀርብላቸዋል፣ ከ45 ደቂቃ ገደማ በኋላ የልጆች ክበብ ሠራተኞች አዳራሹ ድረስ መጥተው ይወስዷቸዋል፣ ወላጆች ደግሞ እራታቸውን ተረጋግተው ይጨርሳሉ። ሌላ መስመር ላይ ይህን ራሳችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ልጆቹን በ5:30 ቡፌ ላይ አብሉ፣ በ7:45 ወደ ክበባቸው አድርሱ፣ በ8:00 ተቀመጡ።

ከካሊፎርኒያ የሚመጡ ቤተሰቦች አንድ ተጨማሪ ነገር ያስቡ። ማያሚ ላይ 6:00 ሲሆን ሎስ አንጀለስ 3:00 ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የልጆቹ ሆድ የሚያውቀው የሎስ አንጀለስን ሰዓት ስለሆነ ለነሱ ሁለተኛው ዙር እንኳ በጊዜ ነው። ከምሥራቅ ዳርቻ ከተሞች ለሚነሱ ይህ አይመለከታቸውም።

«መስተንግዶው አንድ ነው» ስለሚለው

የምግብ ዝርዝሩ አንድ ነው፣ ማድ ቤቱ አንድ ነው፣ በነፍስ ወከፍ በየቀኑ በሂሳብ ላይ የሚጨመረው ቲፕም አንድ ነው። በትልልቆቹ የአሜሪካ መስመሮች ይህ ቲፕ ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው፣ የትኛውንም ሰዓት ብትመርጡ አይለወጥም። የሚለየው ማን ያውቃችኋል የሚለው ነው። በቋሚ ሰዓት አንድ አስተናጋጅና አንድ ረዳት አስተናጋጅ ጉዞው እስኪያልቅ ከእናንተ ጋር ናቸው። ለማንኛውም ምግብ ለሚበላ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ለሚጾም፣ ወይም የምግብ አለርጂ ላለበት ግን የእራቱ ዋና ጉዳይ ነው።

የጾምን ነገር ዘርዘር አድርገን እንየው፤ የአማርኛ ምክር ሆኖ ጽሑፉ አንድም ቃል ያልተናገረበት ጉዳይ ይህ ነውና። ቅዳሜ የሚነሳ የሰባት ሌሊት ጉዞ ረቡዕንና ዓርብን ይይዛል። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ዝግ የሚሆኑበት ወቅት ደግሞ ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ያሉት ሁለት ሳምንታት፣ በፈረንጁ ከኦገስት 7 ጀምሮ፣ ሙሉ በሙሉ ጾም ናቸው። በፋሲካ ሰሞን የሚሄድም ዐቢይ ጾም ውስጥ ሊወድቅ ይችላል።

«ቬጂቴሪያን» ብሎ ማዘዝ አይበቃም፤ አይብ፣ እንቁላል፣ ቅቤና ክሬም ያለበት ምግብ ይመጣል። «ቪጋን» ማለት ያስፈልጋል፣ ዓሣ የማይበላም ያኔ ይካተታል። ብዙ መርከቦች ላይ የሚገኘው የህንድ የአትክልት ምግብ ለእኛ ሰው አፍ ቅርብ ነው፤ ምስር፣ ሽንብራ፣ ድንችና ጎመን በቅመም። ነገር ግን በቅቤ ሊሠራ ወይም እርጎ ሊገባበት ስለሚችል በዘይት እንዲሠራ በግልጽ ጠይቁ። ሾርባው በሥጋ ወይም በዶሮ መረቅ ተሠርቶ እንደሆነ፣ የተፈጨው ድንች ወተት ገብቶበት እንደሆነ፣ ዳቦው ላይ ቅቤ ተቀብቶ እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሰው ሳያውቅ የሚገድፈው በነዚህ ሦስቱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ምሽት ለአስተናጋጁ ብቻ ሳይሆን ለዋና አስተናጋጁ የጾም ቀናታችሁን ንገሩ። እራት ስታበቁ የነገውን የምግብ ዝርዝር ያሳያችኋል፣ ከዚያ መርጣችሁ ምን እንዲቀነስ ትነግሩታላችሁ፣ ማድ ቤቱም ለብቻው ያዘጋጃል። በቋሚ ሰዓት ይህ ትእዛዝ በማግስቱ ወደ ታወቀ ጠረጴዛ በታወቀ ሰዓት ይመጣል። በክፍት ሰዓት ግን ነገ የት እንደምትቀመጡና ስንት ሰዓት እንደምትመጡ ማንም አያውቅም። ትእዛዙ በክፍል ቁጥር ተፈልጎ መገኘት አለበት፣ አዲሱ አስተናጋጅ ደግሞ ስለጾሙ ከመጀመሪያው ይጠይቃል። ካልተገኘ የሚቀርበው ሰላጣና ቲማቲም የፈሰሰበት ፓስታ ነው። «የትናንቱ አስተናጋጅ ጋ አስቀምጡን» ማለት ይቻላል፤ የዚያ አስተናጋጅ ጠረጴዛ እስኪለቀቅ መጠበቅ ግን የግድ ነው። ከባድ አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ከጉዞው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ለመስመሩ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ አንዳንዱ መስመር ከዚያም በላይ ቀደም ብሎ ይጠይቃል።

ከቤት ምግብ ይዘን እንሂድ ለሚሉ፣ አብዛኞቹ መስመሮች ቤት ውስጥ የተሠራ ምግብ አያስገቡም። እንጀራና ወጥ መፈተሻው ላይ ይቀራል።

ለሚጾሙ ሙስሊም ተጓዦች ግን ምክራችን ከጸሐፊው ጋር ይገጥማል። በረመዳን ክፍት ሰዓት ይሻላል። ማያሚ ላይ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው 6:20 ገደማ ነው፤ በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓት ወደፊት ሲቀየር 7:25 ገደማ ይሆናል። መርከቡ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ደግሞ መግሪብ በየቀኑ ይንሸራተታል። የመጀመሪያው ዙር በ5:30 የሚቀመጥ ስለሆነ ከኢፍጣር በፊት ይጀምራል፣ አንዳንዴም ያልቃል። ክፍቱ ሞልቶ ከሆነ ሁለተኛውን ዙር ይዛችሁ ጾሙን ክፍላችሁ ውስጥ በተምርና በውሃ ፍቱ፣ ከዚያ ወደ አዳራሹ ሂዱ። ለሱሁር ቡፌው ገና ስለማይከፈት ማታውኑ ዳቦ፣ እንቁላልና ፍራፍሬ ወደ ክፍል ማስመጣት ይገባል።

«ካልተመቸ መርከቡ ላይ ይቀየራል» ስለሚለው

ይቀየራል፤ በአንዱ አቅጣጫ ግን። ከቋሚ ሰዓት ወደ ክፍት መሄድ ቀላል ነው፣ ጠረጴዛ ስለሚለቀቅ አዳራሹ ይደሰታል። ከክፍት ወደ ቋሚ፣ በተለይም ወደ መጀመሪያው ዙር፣ መሄድ ከባድ ነው። ከአሜሪካ ወደቦች በሚነሱ መርከቦች የመጀመሪያው ዙር በአረጋውያንና ልጅ ባላቸው ቤተሰቦች ቀድሞ ይሞላል፣ ጠረጴዛዎቹም ከመነሻው ቀን በፊት ተመድበው ያልቃሉ። የአሥር ሰው ጠረጴዛ ደግሞ በአዳራሹ ውስጥ ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚያመነታ ሰው መጀመሪያ ቋሚውን ይያዝ፤ ቢከብደው ይልቀቀው። ጽሑፉ የሚመክረው የዚህን ተቃራኒ ነው።

ትልቅ ቤተሰብ ላይ የሚበላሸው አብዛኛው ነገር የሚበላሸው ትኬት ሲቆረጥ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ የቦታ ማስያዣ ቁጥር አለው። አንዱ ክፍል የመጀመሪያውን ዙር፣ ሌላው ክፍቱን ቢመርጥ በአንድ ጠረጴዛ አይመደቡም። በሁሉም ክፍሎች አንድ ዓይነት ዙር ምረጡ። ከዚያ ወደ መስመሩ ወይም ወደ ትራቭል ኤጀንቱ ደውላችሁ ቁጥሮቹን በሙሉ አንብቡለት፣ ለእራት እንዲያያይዛቸው ጠይቁ፣ መያያዛቸውንም በየክፍሉ ማረጋገጫ ወረቀት ላይ እዩ። ዙሩ ሞልቷል ከተባለ ወደ ተጠባባቂ ዝርዝር ግቡ፤ ሰዎች የመጨረሻው ክፍያ ቀን ሲደርስ ስለሚሰርዙ ቦታ የሚለቀቀው በዚያ ሰሞን ነው።

ሁለተኛውን ዙር የሚይዙ ሁለት ነገር ይወቁ። ትርኢቱ ከእራቱ በፊት ይሆንላችኋልና በየቀኑ መርሐ ግብሩን አይታችሁ የመጀመሪያውን ትርኢት ያዙ። በመጨረሻው ምሽት ደግሞ ሻንጣ በር ላይ የሚወጣው እስከ 10:00 ወይም 11:00 ነው፤ እራቱ 10:00 ላይ ስለሚያልቅ ሻንጣውን ከእራት በፊት ዝጉት። ፓስፖርት፣ መድኃኒትና የጠዋት ልብስ በእጅ ቦርሳ ይቅሩ።

መርከቡ ላይ እንደወጣችሁ ካርዱ ላይ ወይም መተግበሪያው ላይ ሦስት ነገር እዩ፤ የአዳራሹ ስም፣ የጠረጴዛ ቁጥርና ሰዓት። ካልተስማማችሁ እራት እስኪደርስ አትጠብቁ። በመሳፈሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከ1:00 እስከ 4:00 ባለው ጊዜ፣ የአዳራሹ ኃላፊ ለውጥ ለሚፈልጉ እንግዶች ይቀመጣል፤ ቦታውና ሰዓቱ በዕለቱ መርሐ ግብር ላይ ይጻፋል። የሁሉንም ክፍል ቁጥር ይዛችሁ አንድ ሰው ይሂድ፣ ስንት እንደሆናችሁ፣ ስንቱ ልጅ እንደሆነ፣ ማን እንደሚጾም፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ አረጋዊ እንዳለ ይንገር። «ሞልቷል» ቢባል ስማችሁን አስመዝግባችሁ ውጡ፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋትም ተመለሱ። በሁለቱ ምሽቶች ያልመጡና ወደ ክፍት ሰዓት የተዛወሩ ሰዎች ጠረጴዛ በዚያን ጊዜ ይታወቃል፣ ኃላፊውም የሚሰጠው ያንን ነው።